መስኮቱን የጋረደው መኪና

«ጨርቁማ ምን በደለ? ዓይኔ ነው እንጂ» አለች እትዬ። ሰውየው ይህን ሲሰማ በጀርባው ተንጋሎ ከአሮጌው የጭነት መኪናው ሆድ ስር ነበር፤ አንድ ብሎን ወድቆበት በዳበሳ እየፈለገ ስለነበር መዶሻው ዝም ብሏል። እትዬ ታላቅ እህቱ ናት፣ ልብስ ሰፊ። ከልጅነቱ ጀምሮ እትዬ ስለሚላት ሰፈሩም ከእሱ ተቀብሎ እትዬ ይላታል። «ፖምፓውን ላመጣ ልሄድ ነው» ብሎ ከነገራት ቆይቷልና የሄደ መስሏታል። ከተኛበት ሆኖ የሚታየው እግር ብቻ ነው፤ የእህቱ የላስቲክ ጫማ፣ ከፊት ለፊቱ ደግሞ የተማሪ ደንብ ልብስ የምታሰፋት ነጋዴ ባለ ተረከዝ ጫማ። ሁለቱም የእትዬ ክፍል በር ላይ ቆመዋል።

«ተቀይሜሽ አይደለም» አለች ነጋዴዋ። «ግን ባለፈው የሰፋሻቸው ሱሪዎች እባብ የሄደባቸው ነው የሚመስሉት። ወላጆች እየመለሱ አመጡብኝ። አንቺ እኮ እንዲህ አልነበርሽም።»

«ልክ ነሽ፣ ምን እላለሁ። ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ክሩ አይታየኝም። እናቴንም እንዲህ ነው የጀመራት። መጀመሪያ ጥቁር ነገር ጠፋባት፣ ቀጥሎ መርፌ፣ በኋላ የሰው ፊት። እጇን ይዤ የመራኋት እኔ ነኝ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ። የስፌት ማሽኑንም ውሰጂው። ቆሞ ከሚዝግ ለሠራተኞችሽ ይሁን። ከሰዓት በኋላ ተሸካሚ ይዘሽ ነይ። ደግሞ አደራ፣ ለወንድሜ እንዳትነግሪው። ዛሬ ሞተሩን የሚያስነሳበት ቀን ነው፤ ደስታውን አላበላሽበትም።»

ብሎኑን አገኘው፤ ከጀርባው ስር ነበር። ግን አልወጣም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እሱ ዝም ባለበት አቧራ ገባበትና ሳሉን በመዳፉ አፍኖ ዋጠው። የነጋዴዋ ጫማ ቀጭ ቀጭ እያለ ወደ ግቢው በር ሄደ። የእትዬ ጫማ ግን ቆመ። እንዳትሰማው ትንፋሹን ይዞ ሳለ ለቅሶ እንደሚሰማ ጠብቆ ነበር፤ የሰማው ግን የተጣጠፈ ጨርቅ ሲራገፍ ብቻ ነው። ከዚያ ገባች።

ሰፈሩ ይህን ሰው ፍሬቻ ነው የሚለው። ፍሬቻ አብርቶ የማይታጠፍ ሾፌር ገጥሟችሁ ከሆነ እሱ ነው፤ ልሄድ ነው ብሎ ይቀመጣል፣ ነገ እጨርሳለሁ ብሎ ዓመት ያሳልፋል። ክፉ ሰው ግን አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ የዚያን ቀን እንደዚያ ባልተንገበገበ ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው በአንድ የትራንስፖርት ድርጅት ውስጥ ነው። ይህን መኪና መጀመሪያ ረዳት ሆኖ ተሳፍሮበታል፣ ኋላም መሪውን ጨብጦበታል፤ ድርጅቱ ለቁርጥራጭ ብረት ሲያወጣው በማሰናበቻ ገንዘቡ ገዛው። አሸዋና ድንጋይ ጭኜ በራሴ መኪና ራሴን አስተዳድራለሁ፣ እትዬንም ከማሽኑ አሳርፋታለሁ ብሎ ነበር ሐሳቡ። ተጎትቶ ሲመጣ አጥሩ ቆርቆሮ ስለነበር ቆርቆሮውን ነቅለው አስገቡት። ከዚያ ሌባ ጎማውን እንዳይወስድበት ፈርቶ በቆርቆሮው ፈንታ የብሎኬት ግንብ አስገነባ፤ ለሰው የምትበቃ ትንሽ በር ብቻ ተወ። ግንቡ ተለስኖ ከደረቀ በኋላ ነው ጓደኛው መካኒኩ መጥቶ ዙሪያውን ካየ በኋላ «ሲጠገን በየት በኩል ነው የሚወጣው?» ያለው። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ይስቅበታል። እሱ ግን «መጀመሪያ ይነሳ፣ መውጫ አይጠፋም» ብሎ ፍሬቻውን አብርቶ ተቀመጠ።

ግቢው ጠባብ ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ የፊተኛው የእሱ፣ የኋለኛው የእትዬ። መኪናው አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሮ ከቤቱ ጎን ለጎን ቆሟል፤ በመሀላቸው ሰው የሚያልፈው እንደ ሸርጣን በጎኑ ነው። መጀመሪያ ባዶ አጽሙ ብቻ ስለነበር ብርሃኑ ከላዩ አልፎ እትዬ ማሽን ላይ ያርፍ ነበር። ከዚያ የጭነቱ ወለል ተነጠፈ። ከዚያ ደግሞ ስፖንዳው፣ የጭነቱ የጎን ግድግዳ፣ በወፍራም ላሜራ ተሠርቶ ከመስኮቱ አናት በላይ ቆመ። እንዲወርድ ተብሎ ማጠፊያ የተሠራለት ነበር፤ ግን ወደ ምን ይወርዳል፣ ወደ ቤቱ ግድግዳ? የእትዬ ክፍል ያለው መስኮት አንድ ነው። አምፖሏም ቢሆን የሰፈሩ መብራት ሲደክም እንደ በሰለ ብርቱካን ከመቅላት በቀር የምትጠቅመው ነገር የለም። ብርሃኑ አንድ ጠዋት ድንገት ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ሰው ምክንያቱን ባወቀ። የሄደው ግን እንደ ዕድሜ ቀስ እያለ ነው።

ስፖንዳውን ቀለም ይቀባ በነበረበት ሳምንት አንድ ቀን እትዬ ራሷን በመስኮቱ ብቅ አድርጋ «አንተ ልጅ፣ እዚህ ቤት ጨለመ ወይስ ለእኔ ነው?» አለችው። ሃምሳ ያለፈውን ሰው አንተ ልጅ የምትለው እሷ ብቻ ናት። ብሩሹን እንደያዘ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ጨልሟል። ጨልሟል ካላት መኪናውን ማንቀሳቀስ ሊመጣ ነው፣ ማንቀሳቀስ ከመጣ ግንቡን ማፍረስ፣ ግንቡ ከፈረሰ ደግሞ ሰፈሩ በአዲስ መልክ ሊስቅ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ አፍታ በአእምሮው አለፈና «ኧረ ምንም አልጨለመም! እንደ ድሮው ነው» አላት። «እንዲያ ከሆነ እኔው ነኛ» ብላ ገባች። ያን ጊዜ የቀለደች መስሎት ቀለሙን ቀጠለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት ለካ ይህንን ነው። እህቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ በእሱ ምስክርነት ዓይኗን ስትሰናበት ከርማለች።

ከመኪናው ስር ወጥቶ ልብሱን ሲያራግፍ መናገር ይችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ዓይንሽ ደህና ነው፣ መኪናዬ ነው። ግን ይህ ዓረፍተ ነገር ብቻውን አይመጣም፣ «ታዲያ ለምን አልጨለመም አልከኝ?» የሚል ተከታይ አለው። መካኒኩ ደግሞ ጊዜ ያለው ዛሬ ብቻ ነው፤ ከነገ ወዲያ ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል። ከራስ በላይ ነፋስ ነውና «ሞተሩ ይነሳና ወዲያው እነግራታለሁ» ብሎ ወሰነ። ከዚያ እትዬ እንዳታየው በግንቡ ጥግ ጥግ ተስቦ፣ ልክ እንደ ሌባ፣ ከገዛ ግቢው ወጣ።

ፖምፓው የተሰጠበት ጋራዥ የመለዋወጫ ሱቆቹ ካሉበት ጎዳና ጫፍ ላይ ነው። ፖምፓ ማለት ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ዕቃ ነው፤ የእሱ በዝገት ተጣብቆ ስለነበር ሦስት ባለሙያዎች «ጣለው» ብለውት አራተኛው ነው የተቀበለው። አሁን ዘይት ተቀብቶ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ አገኘው። ሌላ ቀን ቢሆን አንስቶ ይስመው ነበር። ባለሙያው የእጁን ዋጋ ሲነግረው ሳይከራከር ከፈለ። ባለሙያው ብሩን እንደያዘ ቀና ብሎ አየውና «ታመሃል እንዴ ፍሬቻ?» አለው። «ደህና ነኝ» አለ። «አይመስለኝም፤ አንተ ለዚህ ዋጋ ቢያንስ እናቴን አንስተህ ትለምነኝ ነበር።» በዙሪያው ያሉት ሳቁ፣ እሱም አብሮ ለመሳቅ ሞከረ። ናፍጣ ሊገዛ ማደያ ሲደርስም ዋጋው ጨምሮ ነበር፤ ወረፋ ላይ የቆሙት ሁሉ ስለ ናፍጣው ዋጋ ያማርራሉ፣ እሱ ግን የሚሰማው የነጋዴዋን ተረከዝ ብቻ ነው።

ሲመለስ የመንገድ ዳር መነጽር ሻጭ ፊት ቆመ። ለምን እንደቆመ ለራሱም አልገባውም። አንዱን አንስቶ ዓይኑ ላይ ሲያደርገው ጎዳናው ሁሉ ተንሻፈፈበት።

«ለራስህ ነው?» አለ ሻጩ።

«ለእህቴ።»

«ዓይኗን ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም።»

«ታዲያ መነጽሩ ምን ሊያደርግላት ነው?»

መነጽሩን ቦታው መልሶ ፖምፓውን እንደ ሕፃን አቅፎ መንገዱን ቀጠለ፤ ሻጩ ከኋላው «ለጤነኛ ሰው የፀሐይም አለ!» እያለ ይጣራል።

መካኒኩ ቀድሞት ደርሶ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ ነበር። ፖምፓውን አሰሩ፣ ቱቦዎቹን አገናኙ፣ ናፍጣ ሞሉ። አንዱ ቱቦ ማንጠባጠብ ጀመረና መካኒኩ «ጨርቅ፣ ቶሎ!» ሲል ፍሬቻ በጎኑ ሾልኮ እህቱ ክፍል ገባ። ስፖንዳው ከቆመ ወዲህ እዚያ ክፍል ገብቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ከበር ላይ ነው የሚያወራት። ከፀሐይ ስለመጣ መጀመሪያ ምንም አልታየውም። ቀስ እያለ አልጋው፣ የተቆለለው ሰማያዊ ጨርቅ፣ መጨረሻ ላይ እሷ ታየችው። ወንበሯን ከመስኮቱ አንስታ በሩ አጠገብ አድርጋዋለች፤ ማሽኑ ግን ከባድ ስለሆነ እዚያው ቀርቷል። አሁን ማሽኑ ፊት ቆማ በዘይት በነከረችው እራፊ ጎኑን፣ እግሩን፣ የመንኮራኩሩን ዙሪያ በእጇ እየዳሰሰች ትወለውለዋለች። ሰው ዘመዱን ለመንገድ ሲያዘጋጅ እንደሚያደርገው ነው። በዚህ ማሽን ነው ትምህርት ቤት የላከችው፤ የመጀመሪያ ሱሪውን በዚህ ነው የሰፋችለት። ማሽኑ አጠገብ የዓይን ጠብታ ብልቃጥ ቆሟል፣ ግማሹ አልቋል።

«እትዬ» አለ።

«ወይ።»

አፉ ተከፈተ። መካኒኩ ከውጭ «ፍሬቻ! እየፈሰሰ ነው እኮ!» አለ።

«ጨርቅ... ጨርቅ ይኖርሻል?»

«ለአንተ ቸግሮኝ ያውቃል?» ብላ ጎንበስ ብላ ከመሬት ቁራጭ አነሳች። በዳበሳ ነው ያነሳችው። የሰጠችው ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ነበር፣ ለግሪስ የሚያሳዝን። ተቀበላትና ወጣ። ጓደኛው ቱቦውን ሲያጠብቅ፣ ፍሬቻ ያን ነጭ ጨርቅ ናፍጣ ውስጥ ለመንከር እጁ እምቢ አለውና ሸሚዙን አውልቆ ነከረ።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ እንደ ጥርስ መፋጨት ያለ ድምፅ አሰማና ዝም አለ። ባትሪውን ከጎረቤት ታክሲ ጋር አያያዙት፤ ሞተሩ ዞረ፣ ግን አልነሳም። አየር ገብቶበታል ብለው ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ፈትተው አስተነፈሱት። እንደገና ሲሞክሩ አንድ ጊዜ ግሳት የመሰለ ድምፅ አወጣና ጠፋ። ፍሬቻ የሾፌር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በልቡ እንዳይነሳ ተመኘ። ካልተነሳ የሚናገርበት ሰዓት አይደርስማ። የራሱን ምኞት ሲሰማ አፈረ። ዓመታት የለፋበትን መኪና እስከ መርገም ደርሷል፤ ይህን ያህል እንደሚፈራት አያውቅም ነበር፣ ክፉ ቃል ተናግራው የማታውቀውን እህቱን።

በዚህ መሀል ትንሿ በር ተከፈተችና ነጋዴዋ ገባች፤ ከኋላዋ ገመድ ትከሻው ላይ የጣለ ተሸካሚ አለ። በስፖኪዮው መስታወት ውስጥ ሁለቱም በግድግዳውና በመኪናው መካከል በጎን ሾልከው ወደ እትዬ ክፍል ሲሄዱ አያቸው። «አሁን ሞክር» አለ መካኒኩ። ቁልፉን አዞረ።

ተነሳ። መጀመሪያ ነጭ ጭስ፣ ከዚያ ጥቁር፣ ከዚያ ያ ድሮ በየዳገቱ የሚያውቀው ወፍራም ጉርምርምታ። ግቢው ተንቀጠቀጠ፣ የጎረቤት ቆርቆሮ አብሮ ዘፈነ፣ መካኒኩ መፍቻውን ወደ ሰማይ ወርውሮ መልሶ ሳይቀልበው እግሩ ላይ ወደቀበትና እያነከሰ ጨፈረ። ፍሬቻም መሪውን ጨብጦ ጮኸ። እንባው መጣ። ለዚያች አፍታ እህቱንም ማሽኑንም ሁሉንም ነገር ረስቶ ነበር። በኋላ ከሁሉ ይልቅ የከነከነው ይህ ነው።

በመስታወቱ ውስጥ ተሸካሚው ገመዱን ለማጥበቅ ወደ በሩ ብቅ ሲል አየ። ያን ጊዜ እግሩ ፍሪሲዮኑን ረገጠ፣ እጁ ማርሹን አስገባ። መናገር ያቃተውን መኪናው ይናገርልኝ ብሎ ነው። መካኒኩ «አንተ! ፍሬኑ ገና ነው! ፍሬን የለውም!» እያለ ወደ ጎን ዘለለ። መኪናው ተንገራግጮ ጎማው ከሰመጠበት ጉድጓድ ወጣ፣ ሁለት እርምጃ ያህል ሄደ፣ የፊት ብረቱ ግንቡን ገጨና ሞተሩ ጠፋ። ከግንቡ ላይ ልስን እየተፈረፈረ ወረደ። ከኋላ ግን ስፖንዳው ከመስኮቱ አልፎ ነበር።

ዝምታው ውስጥ የእትዬ ድምፅ ተሰማ። «ቆይ! ቆይ ማሽኑን አታንሳው!» ፍሬቻ ከጋቢናው ሳይወርድ ጠበቀ። ቆይታ ወጣች፤ በአንድ እጇ መርፌ፣ በሌላው ጥቁር ክር ይዛለች፣ ክሩ መርፌው ውስጥ ነው። «ገባ» አለች። «አንዴ ብቻ ነው የሞከርኩት፣ ገባ! ጠብታው ነው። ፈጣሪዬ ተመስገን፣ ዓይኔን መለሰልኝ!» ነጋዴዋን አንገቷን አቅፋ አለቀሰች። መካኒኩ ለሞተሩ የምታለቅስ መስሎት አጨበጨበ። «ደስ ይበልዎት እትዬ፣ እኛም አላመንንም!» አላት።

ነጋዴዋ እንባዋን ጠርጋ ወደ ግቢው በር ዞር ስትል በሩ የለም። የመኪናው አፍንጫ ተለጥፎበታል። «እኔስ በየት ልወጣ ነው?» አለች። «ምንም አይደል» አለ መካኒኩ፣ «አሁን አስነስቶ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። በል ፍሬቻ።»

ሁሉም ወደ እሱ አዩ። እትዬ መርፌውን ከብርሃኑ ጋር እያስተያየች ፈገግ ብላለች። ወደ ኋላ ከመለሰው ይህች ሴት ክፍሏ ገብታ ለሁለተኛ ጊዜ ልትታወር ነው፤ ያኛው ቀስ ብሎ ነበር፣ ይህኛው በአንድ ማርሽ ነው የሚሆነው። ቁልፉን ነቅሎ ወረደ።

«አይመለስም» አለ። «ግንቡን ነው የምናፈርሰው።»

«ጤና የለህም?» አለ መካኒኩ።

«እትዬ፣ ዓይንሽ ምንም አልሆነም። ጠብታውም አይደለም። ብርሃንሽን የያዘው ስፖንዳው ነው። የእኔ መኪና ነው።»

መስኮቷን አየች። መኪናውን አየች። መርፌውን አየች። ደስታው ከፊቷ ላይ ሄደ፤ በቦታው የመጣው ግን ቁጣ አልነበረም፣ ጨርቅ ለክታ ለመቁረጥ ስታስብ የምታሳየው ፊት ነው።

«ያን ዕለት ጨለመ ወይ ብዬ ጠይቄህ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«አልጨለመም አልከኝ። ለአንተ በርቶ ነበር?»

እውነቱን የሚናገርበት ጊዜ ይህ ነበር። ጠዋትም አልነበረም፣ ከሞተሩ በኋላም አልነበረም፤ ይህቺ ደቂቃ ነበረች። ዓይኖቿን አየ፤ ጤነኛ ናቸው፣ እሱ ላይ ተተክለዋል።

«ሐሳቤ ቀለሙ ላይ ነበር እትዬ» አለ። «ልብ አላልኩትም። የበራ መስሎኝ ነበር።»

እትዬ የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀች። «እንዲያ ከሆነ ደህና» አለች። «እኔ እኮ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ተስፋ የቆረጥኩት። የራሴን ዓይን ተጠራጠርኩ። ያንተንማ እንዴት እጠራጠራለሁ፣ እኔ አይደለሁ ያሳደግሁህ?» በሸሚዝ አልባ ትከሻው ላይ የተለደፈውን ግሪስ በጣቷ ጠረገችለትና «በል ልበስ፣ ብርድ ይመታሃል» አለችው። ከዚያ ወደ ነጋዴዋ ዞራ፣ ሰማያዊውን ጨርቅ እዚያው እንድትተውላት፣ የተጣመሙትንም ሱሪዎች ፈትታ በነፃ እንደምትሰፋቸው ነገረቻት። ተሸካሚው ገመዱን ጠቀለለ።

መካኒኩ ከጎረቤት ትልቅ መዶሻ ተውሶ ሁለቱ ግንቡ ላይ ተሰለፉ። ሰፈሩ ድምፁን ሰምቶ በውጭ በኩል ተሰበሰበ፤ መጀመሪያ የሚጠበቀው ሳቅ ሆነ፣ «ፍሬቻ በመጨረሻ ታጠፈ!» ያለም ነበር። ነጋዴዋ ግን ብሎኬት ከፈረሰበት ቀዳዳ ብቅ ብላ ነገሩን አስረዳቻቸው። «ለእህቱ ብርሃን ብሎ ነው እኮ ግንቡን የሚያፈርሰው! እንዲህ ያለ ወንድም ከየት ይገኛል?» አለች። ሳቁ ቀረና አንዲት አሮጊት እትዬን መረቋት፣ ወዲያው እሱንም መረቁት። ከቤቱ ውስጥ የማሽኑ ድምፅ ያለ ማቋረጥ ይሮጣል።

«እውነታቸውን እኮ ነው» አለ መካኒኩ፣ ላቡን እየጠረገ። «እኔም ወንድም ነኝ፤ እንዲህ አላደርግም ነበር።»

«ዝም ብለህ ምታ» አለው ፍሬቻ፣ ቀና ሳይል።